«የጾም ነው» የሚለው መልስ ጄላቲንን አያውቀውም

ጾም ሲገባ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከለገሃር እስከ መርካቶ ባሉ ሱቆች ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ «ይህ የጾም ነው?» የሚል ነው። ባለሱቁ እሽጉን አገላብጦ «አዎ፣ የጾም ነው» ይላል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በቅን ልብ የሚሰጥ ነው። ነገር ግን ባለሱቁ ሲመልስ በልቡ ያለው ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ነው። ብስኩቱ ወተት ከሌለው የጾም ነው፤ ከረሜላው ደግሞ ስኳር ብቻ ስለሚመስል ጥያቄም አይነሳበትም። እናት በልጇ ምሳ ዕቃ ጎን የምታስቀምጠው በድብ ቅርጽ የተሠራ ለስላሳ ከረሜላ ከእንስሳ ቆዳ ወይም አጥንት የወጣ፣ ጄላቲን የሚባል ነገር ሊኖረው እንደሚችል ግን የሚነግራት ሰው የለም።

ጄላቲን ለእኛ ወጥ ቤት እንግዳ አይደለም። ቅልጥም ወይም የበሬ እግር ለረጅም ሰዓት የቀቀለ ሰው መረቁ ሲቀዘቅዝ እንደሚረጋ ያውቃል። የሚያረጋው በቆዳ፣ በአጥንትና በጅማት ውስጥ ያለው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ በሙቀት ተፈታትቶ ወደ ውሃው ሲገባ ጄላቲን ይሆናል። ፋብሪካም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በመጠኑና በማጥራቱ ላይ ነው። የአሳማ ቆዳ በአሲድ ለአጭር ጊዜ፣ የከብት ቆዳና አጥንት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በኖራ ውሃ ለሳምንታት ተዘፍዝፎ ይቆያል። ከዚያ ጄላቲኑ በሙቅ ውሃ ይወጣል፣ ይጣራል፣ ይደርቃል። በመጨረሻ የሚገኘው ሽታና ጣዕም የሌለው፣ ቀለሙም ነጣ ወይም ገርጣ ያለ ዱቄት ነው። ከዓሣ ቆዳም ይሠራል። በዓለም ገበያ ትልቁን ድርሻ የያዘው ግን የአሳማ ቆዳ ነው።

ፋብሪካዎች የሚወዱት በምክንያት ነው። ጄላቲን ከሰውነታችን ሙቀት ትንሽ ዝቅ ባለ ሙቀት፣ በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ስለዚህ በእጅ ላይ ረግቶ የቆየው ከረሜላ አፍ ውስጥ ሲገባ ይሟሟል። ከባሕር አረም የሚሠራው አጋር ይህ ጠባይ የለውም፤ አንዴ ከረጋ ለመቅለጥ 85 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ከፍራፍሬ ልጣጭ የሚወጣው ፔክቲንም ሲነከስ ቶሎ የሚቆረጥ እንጂ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ አይደለም። ይህ ልዩነት ለገዢም ይጠቅማል። ጎትተውት ተለጥጦ የሚመለስ ከረሜላ ጄላቲን የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ስኳር ተነስንሶበት በጥርስ በቀላሉ የሚቆረጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ የፔክቲን ወይም የስታርች ነው። ይህ ግን ጥርጣሬ ለማንሳት እንጂ ለመፍረድ አይበቃም። የሚፈርደው በእሽጉ ጀርባ ያለው ጽሑፍ ነው።

ጄላቲን የሚገኘው ሰው በሚጠብቀው ቦታ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ጄሊ ከረሜላና ማርሽማሎው (እንደ ስፖንጅ የሚለሰልሰው ከረሜላ) ዋናዎቹ ናቸው፤ ማርሽማሎው ያለ ጄላቲን የሚሠራው ከስንት አንዴ ነው። ነገር ግን ዝርዝሩ ላይ ጄላቲን የሚጻፍባቸው የማስቲካና የሚንት ዓይነቶችም አሉ። ስኳር የተለበጠበት የቁርስ እህል፣ ክሬም የተቀባ ኬክ፣ የፍራፍሬ እርጎ፣ አይስክሬም፣ ለልጆች በከረሜላ መልክ የሚሠራ ቫይታሚንም እንዲሁ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የተቆላ ለውዝ ነው። ከውጭ በሚመጡ አንዳንድ የለውዝ እሽጎች ቅመሙ ከፍሬው ላይ እንዲጣበቅ የሚደረገው በጄላቲን ነው። ለውዝ ደግሞ የጾመኛ ምግብ ነው፤ ማንም «ይህ ምን አለበት?» ብሎ አይገለብጠውም።

ድንች ቺፕስ በአብዛኛው ከጄላቲን ነጻ ነው። ይሁን እንጂ የአይብና የክሬም ጣዕም ያላቸው ብዙ ጊዜ የአጓት ዱቄት አለባቸው፤ አጓት የወተት ተረፈ ምርት በመሆኑ ለጾም አይሆንም።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ጥያቄ ከሌሎች ከተሞች የከበደ የሆነው በአንድ ባንኮኒ ፊት የሚቆሙት ሰዎች የተለያየ ነገር ስለሚጠይቁ ነው። በመርካቶ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ጎረቤት ናቸው፤ ከሁለቱም ወጥቶ የሚመለሰው ሰው የሚገዛው ከአንድ ሱቅ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ነበር የገቡት። በዚያ ሰሞን አንዷ ደንበኛ «የጾም ነው?» ስትል ሌላዋ «ሐላል ነው?» ትላለች፤ ሁለቱም የያዙት ያንኑ የከረሜላ እሽግ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄዎቹ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ለኦርቶዶክስ ጾመኛ ከበሬም ይምጣ ከአሳማ ጄላቲን የእንስሳ ነው፤ በጾም አይበላም። ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ የምእመኑ የጾም ቀን በዓመት ከ180 የሚበልጥ በመሆኑ ጉዳዩ የጥቂት ሳምንታት ብቻ አይደለም። ጾሙ ሲፈታም ጥያቄው አያልቅም፤ በልማድም በሥርዓትም አሳማ የማይበላ ኦርቶዶክሳዊ የጄላቲኑን ምንጭ ማወቅ ይፈልጋል። ለሙስሊሙ ደግሞ የከብት መሆኑ ብቻ አይበቃውም፤ በማን እጅና እንዴት ታረደ የሚለው ይከተላል። ይህ ጥያቄ አገራችን ውስጥ በሁለቱም በኩል ያለ ነው፤ የሥጋ ቤቶቻችን በር ላይ ያሉት ምልክቶች ይመሰክራሉ። ስለዚህ «ሐላል» የሚል ማኅተም ለሙስሊሙ እናት ሙሉ መልስ ሲሆን፣ በጾም ሰሞን ለምትገዛው ጎረቤቷ ግን ከረሜላው የከብት ጄላቲን ሊኖረው እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ነው። ማኅተሙ የአሳማ ጥርጣሬዋን ያቀልላታል፤ የጾም ጥያቄዋን አይመልስላትም።

ጄላቲኑ ብዙ ሂደት አልፎ ተለውጧልና እንስሳነቱ ቀርቷል የሚል ክርክር አለ። በእስልምና ሕግ ኢስቲሓላ የሚባለው የባሕርይ ለውጥ መርህ በዚህ ላይ ተነስቶ ብዙ አከራክሯል። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ) አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 በዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን ባደረገው ጉባኤ ከአሳማ የወጣ ጄላቲን ለምግብ እንዳይውል ወስኗል። በሳይንሱ በኩልም ጄላቲን ተሰባብሮ የሟሟ ኮላጅን ነው፤ የተሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ያው የኮላጅኑ ናቸው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ከአሳማ ይሁን ከከብት መለየት የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ዓሣ ጄላቲን ግን ጾመኛው የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ በዓሣ ጉዳይ የምእመናን ልማድ የተለያየ መሆኑን ሁላችንም እናያለን።

ወደ እሽጉ ጀርባ እንመለስ። በእኛ ሱፐርማርኬቶች መደርደሪያ ላይ የቱርክ፣ የዱባይ፣ የህንድ፣ የቻይናና የአውሮፓ ምርቶች ተደባልቀው ይቆማሉ፤ እያንዳንዱም የየራሱን አገር ምልክት ይዞ ይመጣል። ገዢ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ የአንዱን አገር ምልክት በራሱ ትርጉም ሲያነበው ነው።

በህንድ እሽግ ላይ በአረንጓዴ አራት ማዕዘን ውስጥ ያለች አረንጓዴ ነጥብ ትታያለች። ምርቱ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ጄላቲን የሌለበት መሆኑን ትናገራለች። ወተት ግን በህንድ ሥርዓት ተፈቅዷል፤ ወተት ያለበት ብስኩትም ያችኑ ነጥብ ይይዛል። እንግዲህ ነጥቧ ስለ ጄላቲን ታረጋግጣለች፣ ስለ ጾም አታረጋግጥም። ቡናማ ሦስት ማዕዘን ካለበት ግን ከእንስሳ የተገኘ ነገር አለው፣ ይቀመጥ። «ቬጀቴሪያን» የሚለው የአውሮፓ ጽሑፍም ጄላቲንን ያስወጣል እንጂ ወተትንና እንቁላልን አያስወጣም። ለጾመኛ በአንድ ቃል ሙሉ መልስ የሚሰጠው «ቪጋን» የሚለው ነው፤ ሥጋም፣ ጄላቲንም፣ ወተትም፣ እንቁላልም፣ ማርም የለም ማለት ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈበትን እሽግ ያገኘ ጾመኛ ይህን ቃል ቢፈልግ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ሌላው ወጥመድ በደማቁ የሚጻፈው የአለርጂ መስመር ነው። «ወተት፣ አኩሪ አተር፣ ስንዴ ይዟል» የሚለው አጭር መስመር ለማንበብ ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው እሱን ብቻ አይቶ ይወስናል። ወተትና እንቁላል ለመለየት በእውነት ጥሩ ነው። ጄላቲን ግን በዓለም አቀፉ የአለርጂ አምጪ ምግቦች ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ከዓሣ ካልተሠራ በቀር በዚያ መስመር ላይ አይጻፍም። በመስመሩ ላይ ወተት ያላየ ጾመኛ ደስ ብሎት ሲገዛ፣ ጄላቲኑ ከዚያው በላይ ባሉት ደቃቅ ፊደላት ውስጥ አለ። ሙሉው ዝርዝር መነበብ አለበት። ግብዓቶች የሚጻፉት ከክብደታቸው ብዛት ጀምሮ ወደ ጥቂቱ ስለሆነ፣ በጄሊ ከረሜላ ላይ ጄላቲን ከስኳርና ከግሉኮስ ሽሮፕ ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። በእርጎና በኬክ ላይ ግን መጠኑ ትንሽ በመሆኑ ወደ መጨረሻው ይወርዳል።

በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፈው «የአሳማ ኮዶች» ዝርዝር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ከጥቅሙ ጉዳቱ በዝቷልና። ዝርዝሩ በ«ኢ» (E) የሚጀምሩ ብዙ የምግብ ተጨማሪ ንጥረ ነገሮች መለያ ቁጥሮችን ደርድሮ ሁሉም የአሳማ ስብ ናቸው ይላል። ከእነዚህ መካከል ኢ100 አለ፤ እርሱ ከእርድ የሚወጣው ቢጫ ቀለም ነው። ኢ140 የቅጠል አረንጓዴ፣ ክሎሮፊል ነው። ኢ334 በወይን ፍሬ ውስጥ ያለ አሲድ ነው። ኢ270 በአብዛኛው ከስኳር ተብላልቶ የሚሠራ ላክቲክ አሲድ ነው። ይህን ዝርዝር ያመነ ሰው በእርድ የተቀለመውን ብስኩት ጥሎ፣ ምንም ቁጥር የሌለውን ከረሜላ ያነሳል። ጄላቲን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር የለውም! በአውሮፓ ሕግ እንደ ምግብ እንጂ እንደ ተጨማሪ ንጥረ ነገር ስለማይቆጠር የሚጻፈው በስሙ ነው። አልፎ አልፎ 441 በሚል ቁጥር የሚያመለክቱት አሉ፤ እርሱን ብቻ እየፈለጉ ስሙን ማለፍ ግን ትልቅ ስህተት ነው።

በእርግጥ ጥያቄ የሚያስነሱ ቁጥሮች አሉ። ኢ471 ዘይትና ውሃ አዋህዶ የሚይዝ ንጥረ ነገር ነው፤ ከፓልም ወይም ከአኩሪ አተር ዘይት ሊሠራ ይችላል፣ ከእንስሳ ስብም ሊሠራ ይችላል፤ ቁጥሩ ራሱ አይለይም። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ከዕፅዋት ነው፤ ጥንቁቅ አምራችም «ከዕፅዋት» የሚል ቃል ይጨምርበታል። ኢ120 ከነፍሳት የሚወጣ ቀይ ቀለም ነው። ኢ904 ከረሜላን የሚያብረቀርቀው የነፍሳት ሙጫ ሲሆን፣ ኢ901 የንብ ሰም ነው። ቁጥሮቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ ሁሉንም በአንድ ጆንያ ከትቶ «አሳማ» ማለት እውነተኛውን አደጋ ይደብቃል።

የሚያስደስተው ነገር፣ ጄላቲን ግዴታ አለመሆኑ ነው። ፔክቲን ኢ440፣ አጋር ኢ406፣ ካራጂናን ኢ407፣ ሙጫ አረቢካ ኢ414 ሁሉም ከዕፅዋት ወይም ከባሕር አረም የሚገኙ ናቸው፤ እነዚህን በዝርዝሩ ላይ ያየ ሰው ከረሜላው በምን እንደረጋ ገባው ማለት ነው። አንዳንድ ፋብሪካ ግን ፔክቲንና ጄላቲንን ቀላቅሎ ስለሚጠቀም አንዱን አይቶ ማቆም አይገባም። ሙጫ አረቢካ ደግሞ የእኛም ሀብት ነው፤ ከግራር ዛፍ እየተለቀመ ከቦረናና ከሶማሌ ቆላማ አካባቢዎች ወደ ውጭ ይላካል። የጀርመኑ ሃሪቦ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1922 የመጀመሪያውን የድብ ቅርጽ ከረሜላ ሲያወጣ ያረጋው በዚሁ ሙጫ ነበር፤ ጄላቲን የመጣው በኋላ ነው። ሙጫውን ጥሬውን ሸጠን የሌላ አገር ጄላቲን የረጋበትን ከረሜላ በውጭ ምንዛሪ መግዛታችን ለአገር ውስጥ ከረሜላ ፋብሪካዎቻችን የሥራ ሐሳብ ሊሆናቸው ይገባል። የጾም ገበያው እዚሁ ነው፤ ጥሬ ዕቃውም እዚሁ ነው።

ይኸው ኩባንያ ሌላም ያስተምረናል። በጀርመን ያሉት ፋብሪካዎቹ በአሳማ ጄላቲን ሲሠሩ፣ የቱርኩ ፋብሪካው ሐላል በሆነ የከብት ጄላቲን ይሠራል። ስሙ አንድ፣ ድቡ አንድ፣ ይዘቱ ግን ሌላ። ስለዚህ ባለፈው የገዛሁት እኮ ነው ብሎ ሳያዩ መግዛት አያዋጣም። የት እንደተመረተ የሚናገረው መስመር መታየት አለበት፤ በተለይ ከውጭ በሻንጣ መጥቶ በሚሸጥ ዕቃ ላይ።

በችርቻሮ የሚሸጠው ከዚህም ይከብዳል። በፍሬ የሚሸጠው ማስቲካና ከረሜላ በትንሿ መጠቅለያው ላይ ከስሙ በቀር ምንም አይኖረውም፤ ዝርዝሩ ያለው በትልቁ ከረጢት ወይም ካርቶን ላይ ነው። በኪሎ ተገዝቶ በግልጽ ፌስታል ተከፋፍሎ የታሸገው ደግሞ ምንጩም፣ ቀኑም፣ ይዘቱም አይታወቅም። ለባለሱቁ የማቀርበው ልመና ቀላል ነው፦ ከረሜላው እስኪያልቅ ካርቶኑን አይጣሉ። ደንበኛ ሲጠይቅ ካርቶኑን ማሳየት «የጾም ነው» ከማለት ይሻላል፤ ባለሱቁንም ከማያውቀው ነገር ምስክርነት ያድነዋል። ጽሑፉ በቱርክኛ፣ በአረብኛ ወይም በቻይንኛ ብቻ ከሆነ የስልክ ካሜራ መተርጎሚያ ይረዳል፤ ሆኖም በሚያብረቀርቅ ላስቲክ ላይ ያለ ደቃቅ ጽሑፍ ሲሆን ስለሚሳሳት፣ አልተነበበልኝም ያለ ሰው እሽጉን መልሶ ቢያስቀምጥ አይከፋም።

ጥንቃቄው የት ድረስ ይሂድ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጭማቂን ለማጥራት ጄላቲን የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች አሉ፤ ከተጣራ በኋላ ስለሚወገድ በዝርዝሩ ላይ አይጻፍም። አንዳንድ ቫይታሚኖችም ወደ ምግብ የሚጨመሩት በጄላቲን ተለብጠው ነው። በእኔ እምነት አንድ ቤተሰብ ይህን ሁሉ እያሳደደ መኖር አይችልም፤ ከእርሱም አይጠበቅም። በግልጽ የተጻፈውን አንብቦ መወሰን በቂ ነው። መድኃኒትም ከመክሰስ ጋር አንድ ላይ አይታይ። አብዛኛው የካፕሱል ቅርፊት ጄላቲን መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሐኪም ያዘዘውን በዚህ ምክንያት ማቋረጥ አይገባም፤ ፋርማሲስቱን በኪኒን መልክ ወይም በዕፅዋት ካፕሱል የተሠራ እንዳለ መጠየቅ ይቻላል።

የቀረው ሸክም ግን የእናትም የባለሱቅም አይደለም። ዓለም አቀፉ የታሸጉ ምግቦች ጽሑፍ ደረጃ የአሳማና የከብት ስብ ሁልጊዜ በስማቸው ተለይተው እንዲጻፉ ያዛል፤ ለጄላቲን ግን እንዲህ ያለ ትእዛዝ ስለሌለው በብዙ አገሮች «ጄላቲን» ብሎ ማለፍ ይቻላል። አሳማ ለሁለቱም ትልልቅ እምነቶች ተከታዮች በማይሆንበት፣ ጾሙም የዓመቱን ግማሽ በሚይዝበት አገር ይህ ክፍተት ለእኛ አይመችም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብ ቁጥጥር የተሰጠው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የጄላቲን ምንጭ በአማርኛ እንዲጻፍ ቢያስገድድ ለአስመጪው አዲስ ምርመራ አይጨምርበትም። የጄላቲን አምራች ከየትኛው እንስሳ እንደሠራው ያውቃል፤ አውሮፓ ውስጥ የከብት እብደት በሽታ ከተነሳ ወዲህ የከብት ጥሬ ዕቃ ከየት እንደመጣ መከታተል የንግዱ ግዴታ ሆኗል። መረጃው ከፋብሪካው የሽያጭ ሰነድ ላይ አለ። አስመጪው ዋጋና የአስመጪ ስም በሚለጥፍባት ትንሽ ወረቀት ላይ «ጄላቲን (ከከብት)» ወይም «ጄላቲን (ከአሳማ)» ብሎ ማተም ይበቃዋል፤ ወረቀቷንም የግብዓት ዝርዝሩን በማይሸፍን ቦታ ላይ መለጠፍ።